መሠረቱን በገዛ እጅ መጣል፤ ትንሽ የድረ ገጽ ፍሬምወርክ ከባዶ ስለ መሥራት

ከደሴ ተነሥቶ የሐረጎን ቁልቁለት የሚወርድ መንገደኛ፣ 25 ኪሎ ሜትር ያህል በምትሆን አጭር ጉዞ ከ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ወደ 1,850 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ፣ የጦሳን ጉምና ብርድ ከኋላው ትቶ፣ በቦርከና ወንዝ ሸለቆ ወደ ተዘረጋችው ወደ ኮምቦልቻ ይደርሳል። ደሴ የገበያና የአስተዳደር ከተማ ስትሆን፣ ኮምቦልቻ ደግሞ ጨርቅ የሚሸመንባት፣ ቢራ የሚጠመቅባት፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ የሚገኝባት የፋብሪካ ከተማ ናት። የወሎ ዩኒቨርሲቲም ዋና ግቢውን በደሴ፣ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱን በኮምቦልቻ ስላደረገ፣ የኮምፒዩተርን ጥበብ የሚማሩ የደሴ ልጆች ይህን ቁልቁለት ሲወርዱና ሲወጡ ይኖራሉ።

የዚህ ጽሑፍ ነገር በዚሁ መንገድ ከሚመላለሱት ወጣቶች በአንዲቱ ጠረጴዛ ላይ ያየሁት ሥራ ነው፤ ይኸውም ፍሬምወርክ የሚባለውን የድረ ገጽ መሥሪያ፣ ሌሎች ሠርተው ካስቀመጡት ሳይወስዱ፣ ለትምህርት ሲባል ከባዶ ተነሥቶ በትንሹ መሥራት ነው። ፍሬምወርክ ማለት ድረ ገጽ ለሚሠራ ሰው ዘወትር የሚደጋገምበትን ድካም፣ ማለትም ከብራውዘር የመጣውን ጥያቄ ተቀብሎ ማንበብን፣ ጥያቄው ለየትኛው የኮድ ክፍል እንደሚገባ መለየትን፣ መልሱንም በገጽ መልክ አሰናድቶ መመለስን፣ አስቀድሞ ሠርቶ የሚያቀርብ የኮድ ስብስብ ነው። ላራቬል፣ ጃንጎ፣ ፍላስክና ኤክስፕረስ የሚባሉት በአገራችን ወጣቶች ዘንድ የታወቁ ናቸው። ተማሪው ከነዚህ አንዱን ተቀብሎ በጥቂት መስመር ኮድ ገጽ ያቆማል፤ ገጹ በምን ኀይል እንደ ቆመ የጠየቁት እንደ ሆነ ግን ብዙ ጊዜ መልስ ያጣል፤ ገጹ በወደቀ ጊዜም በምን ምክንያት እንደ ወደቀ ለማወቅ ይቸገራል።

የተማሪዋ ቤት በደሴ ነው። ክረምት ስለ ነበረ ጉሙ ከጦሳ ወርዶ መስኮቱን ሸፍኖታል፤ እናቷ በማዶው ክፍል ቡና ያፈላሉ። ላፕቶፗን ከፍታ አንድ ባዶ ፋይል አሳየችኝና፣ «ጋሼ፣ ዛሬ ከውጭ ምንም አናመጣም፤ ፓይተን ሲጫን አብሮት ከመጣው በቀር አንድም ላይብረሪ አንነካም» አለችኝ። ይህን ልማድ ያስያዛት ችግር ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ስለ ነበረ፣ አዲስ ላይብረሪ አውርዶ መጫን የማይቻል ሆኖባት፣ በእጇ ያለው ፓይተን ብቻውን ምን ሊሠራ እንደሚችል ለመመርመር ተገደደች። ያን ጊዜም ከዚያ በፊት ልብ ያላለችው ነገር ተገለጠላት፤ ይኸውም አንድ ኮምፒዩተር ሰርቨርም ብራውዘርም ሆኖ ከራሱ ጋር ሊነጋገር መቻሉ ነው። 127.0.0.1 የሚባለው አድራሻ ወደ ውጭ የማይወጣ፣ ጥያቄውን ወደዚያው ወደ ራሱ ማሽን የሚመልስ አድራሻ ስለሆነ፣ መስመሩ ሁሉ ቢቋረጥ እንኳ የድረ ገጽን ሥርዓት ከሥሩ ለመማር የሚከለክል ነገር የለም።

ነገሩ በመጀመሪያ እጅግ ቀላል እንደ ነበረ ማስታወስ ይገባል። ቲም በርነርስ ሊ የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ በስዊዘርላንድ ባለው በሰርን የምርምር ተቋም ሳለ የዓለሙን ድር ሲዘረጋ፣ በ1991 እ.ኤ.አ. የነበረው የኤችቲቲፒ ሥርዓት አንዲት መስመር ብቻ ነበረች፤ ብራውዘሩ የሚፈልገውን ገጽ ስም በአንድ መስመር ይልካል፣ ሰርቨሩም ገጹን ልኮ መስመሩን ይዘጋል። ከዚያ ወዲህ ሥርዓቱ ቢሰፋና ቢወሳሰብም፣ በ1997 እ.ኤ.አ. የወጣው የ1.1 ሥርዓት እንኳ ሰው በዐይኑ ሊያነበው የሚችል ጽሑፍ እንጂ የተሰወረ ምሥጢር አይደለም።

ተማሪዋ ይህንኑ አሳየችኝ። ጥቂት መስመር ጽፋ ፕሮግራሙ በ8000 ቁጥር ፖርት ላይ ቆሞ እንዲጠብቅ አደረገች፤ በብራውዘሩም ያንኑ አድራሻ ከፈተች። ወዲያው የፕሮግራሙ ጽሑፍ በሚወጣበት በጥቁሩ መስኮት ላይ ብራውዘሩ የላከው ቃል እንዳለ ወረደ። የመጀመሪያው መስመር ሦስት ቃል ብቻ ነው፤ ምን እንዲደረግ እንደሚፈለግ፣ የትኛው ገጽ እንደ ተጠየቀ፣ በየትኛው የኤችቲቲፒ ሥርዓት እንደሚነጋገሩ። ከዚያ በታች ሄደር የሚባሉት መስመሮች ይከተላሉ፤ እነርሱም ብራውዘሩ ማን እንደሆነ፣ የትኛውን ቋንቋ እንደሚመርጥ፣ ምን ዓይነት መልስ መቀበል እንደሚችል ይናገራሉ። በመጨረሻ አንድ ባዶ መስመር ይመጣል፤ ይህ ባዶ መስመር የሄደሮቹ ክፍል ማለቁን የሚያውጅ ነው። «ፍላስክን ሁለት ዓመት ስጠቀምበት ይህን አይቼው አላውቅም ነበር» አለች። ብዙ ሺህ ጊዜ በእጇ ሲያልፍ የኖረውን ቃል ያየችው፣ በመካከል ቆሞ የሚያነብላትን መሣሪያ ካስወገደች በኋላ ነው።

ጥያቄውን ካነበቡ በኋላ ወደ ተገቢው ክፍል መምራት ያስፈልጋል፤ ይህም ራውቲንግ የሚባለው ነው። ተማሪዋ ለመለማመጃ የመረጠችው የወሎንና የአካባቢዋን የገበያ ቀኖች የሚናገር ትንሽ ድረ ገጽ ነበር፤ ለምሳሌ ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ ያለችው የባቲ ታላቅ ገበያ ሰኞ ስለሚውል፣ የባቲን ገጽ የጠየቀ ሁሉ ይህንን መልስ እንዲያገኝ ነው። ሥራው ሲታይ መዝገብ ከማዘጋጀት አያልፍም፤ በአንድ ወገን የገጹ መንገድ፣ በሌላው ወገን ለዚያ መንገድ መልስ የሚሰጠው ፈንክሽን ተጽፎ ይቀመጣል፤ ጥያቄ ሲመጣ መዝገቡ ይታያል፤ መንገዱ በመዝገቡ ከተገኘ ፈንክሽኑ ይጠራል፤ ካልተገኘ ሁላችንም የምናውቀው 404 የሚባለው መልስ ይላካል። ነገር ግን መንገዱ በአማርኛ ሲጻፍ፣ ብራውዘሩ የባቲን ሁለት ፊደላት እንዳሉ አይልካቸውም፤ እያንዳንዱ ፊደል በሦስት ባይት ስለሚጻፍ፣ እያንዳንዱን ባይት በአንድ የመቶኛ ምልክትና በሁለት አሐዝ ተክቶ 18 ምልክት አድርጎ ይልካቸዋል። መዝገቡ ውስጥ «ባቲ» ተብሎ ተጽፎ፣ የመጣው ጥያቄ በ18 ምልክት የተጻፈ ስለሆነ፣ ሁለቱ ሳይተዋወቁ ይቀራሉ። ተማሪዋ ምልክቶቹን ወደ ባይት፣ ባይቶቹንም ወደ ፊደል የሚመልስ አጭር ኮድ ስትጽፍ፣ ባ 225፣ 137፣ 163፤ ቲ ደግሞ 225፣ 137፣ 178 ሆነው ተቈጠሩ።

የነገሩ ፍሬ ያለው በዚህ ላይ ስለሆነ ጥቂት መቆየት ይገባናል። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝን የመሰሉ ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው ለፊደላቱ የየራሳቸውን ቁጥር ሰጥተው ስለ ነበረ፣ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ይሆን ነበር። እንደ ፍሥሐ አጥላውና እንደ ዳንኤል ያዕቆብ ያሉ ባለሙያዎች በብዙ ትጋት የተሳተፉበት ሥራ ለፊደላችን በዓለም የታወቀ አንድ ቁጥር አስገኘ። ኬን ቶምፕሰንና ሮብ ፓይክ በ1992 እ.ኤ.አ. በነደፉት ዩቲኤፍ 8 በሚባለው አጻጻፍ፣ የእንግሊዝኛው የላቲን ፊደል በአንድ ባይት ሲወሰን፣ በ1999 እ.ኤ.አ. የተመዘገበው የግዕዝ ፊደል ግን እያንዳንዱ ሦስት ባይት ይወስዳል። የመማሪያ መጻሕፍቱ ምሳሌዎች ሁሉ በላቲን ፊደል ስለ ተጻፉ፣ የፊደል ቁጥርና የባይት ቁጥር በእነርሱ ዘንድ አንድ ነው፤ በእኛ ዘንድ ግን ሦስት እጥፍ ይራራቃል። ስለዚህ በእንግሊዝኛ ተፈትኖ ደኅና ነው የተባለ ኮድ፣ አማርኛ በተሰጠው ጊዜ የተሰወረ ጕድለቱን ይገልጣል።

ተማሪዋ ይህን በዐይኔ እንዳየው ሆን ብላ አሳየችኝ። ሰርቨር መልስ ሲልክ ብዙ ጊዜ ከሄደሮቹ በአንዱ የመልሱን ርዝመት በባይት ቈጥሮ ይናገራል፤ ብራውዘሩም የተነገረውን ያህል ባይት ተቀብሎ ያቆማል። መልሱ «የወሎ ገበያዎች» የሚል ነበር፤ ይህም ስምንት ፊደልና አንድ ክፍት ቦታ፣ በጠቅላላው 9 ምልክት ነው። በባይት ሲቈጠር ግን ስምንቱ ፊደላት ሦስት ሦስት ሆነው 24፣ ክፍቱ ቦታ አንድ፣ በድምሩ 25 ይሆናል። ርዝመቱን 9 ብላ ላከችው፤ በብራውዘሩም ላይ «የወሎ» የሚል ቃል ብቻ ታየ፤ ዘጠኙ ባይት በሦስቱ ፊደላት አልቆ፣ ገበያዎቹ በመንገድ ቀሩ። ወዲያው 25 ብላ ስታርመው ሁለቱ ቃላት ምሉዕ ሆነው መጡ። ትልልቁን ፍሬምወርክ የሚጠቀም ሰው ይህን ቁጥር በእጁ ስለማይጽፈው አያስበውም፤ በሌላ ቦታ፣ ለምሳሌ የስልክ መልእክት በሚቈርጥ ወይም በመረጃ ቋት ውስጥ የስምን ርዝመት በሚወስን ኮድ ላይ ያው ስሕተት በመጣበት ጊዜ ግን ምንጩን ሊያገኘው አይችልም።

ከዚህም የረቀቀ ሌላ ነገር አለ። በመስመሩ የሚመጣው ጽሑፍ እንደ ወንዝ ውኃ ተከታትሎ የሚፈስ እንጂ በአንድ ጊዜ ተጠናቅቆ የሚደርስ አይደለም። ተማሪዋ ፕሮግራሟ በየጊዜው 1,024 ባይት እንዲያነብ አድርጋ ነበር፤ ይህ ቁጥር ለሦስት ሲካፈል 341 ሆኖ አንድ ይተርፋል። እንግዲህ ፊደል ብቻ የተሞላ ረጅም የአማርኛ ጽሑፍ ቢላክ፣ 341 ፊደላት ምሉዕ ሆነው ይገባሉ፤ የ342ኛው ፊደል ግን አንዱ ባይት በወዲህ፣ ሁለቱ ባይት በወዲያ ሆኖ ይከፈላል። እያንዳንዱን ክፍል እንደ ደረሰ ወደ ፊደል ልለውጥ የሚል ፕሮግራም በዚያች በተከፈለችው ፊደል ላይ ይሰናከላል። መድኃኒቱ ባይቶቹን አጠራቅሞ፣ መልእክቱ ከተጠናቀቀ በኋላ ብቻ ወደ ፊደል መለወጥ ነው። ቃሉ አጭር፣ ትምህርቱ ግን ረጅም ነው፤ በባይትና በፊደል መካከል ያለውን ልዩነት በዚህ ዓይነት በእጁ ያገኘ ሰው ከቶ አይዘነጋውም።

ከዚያ በኋላ የመጡት ክፍሎች አንዱ ሌላውን እየወለደ ይሄዳሉ። ገጹን በየጊዜው በእጅ ከመጻፍ፣ ቦታው ክፍት የሆነ ቅጽ አዘጋጅቶ ክፍቱን ቦታ መሙላት ይሻላል፤ ይህም ቴምፕሌት ነው። ነገር ግን ክፍቱን ቦታ የሚሞላው ቃል ከእንግዳ ሰው የመጣ እንደ ሆነ፣ ክፉ አሳቢ በስሙ ፈንታ በማዕዘን ቅንፍ የታጠረ ትእዛዝ ጽፎ፣ ገጹን የሚያነቡት ሁሉ ብራውዘር የእርሱን ፈቃድ እንዲፈጽም ሊያደርግ ይችላል፤ ስለዚህ ቅንፎቹን ትእዛዝ ወደማይሆን መልክ ለውጦ ማስገባት ግድ ነው። እንዲሁም ጥያቄው ወደ ፈንክሽኑ ከመድረሱ በፊትና መልሱ ከመውጣቱ በፊት የሚመረምሩ፣ የሚመዘግቡ፣ የሚከለክሉ ንብርብር ፈንክሽኖች ይጨመራሉ፤ ሚድልዌር የሚባሉት እነዚህ ናቸው። በጠቅላላው 200 መስመር ያህል ነው፤ በዚያ ውስጥ ግን ታላላቆቹ ፍሬምወርኮች የቆሙባቸው ዐምዶች ሁሉ በትንሹ ይገኛሉ።

ከደሴ በስተሰሜን፣ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዘመን ታላቅ የትምህርት ማእከል ያደረጉት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ። በአገራችን የመጻሕፍት ሥርዓት፣ ቁም ጸሐፊ ለመሆን የሚሻ ደቀ መዝሙር ብርዑን አንሥቶ ከመጻፉ በፊት ቆዳውን መንከር፣ መወጠር፣ መፋቅ፣ በወስፌ ማስመር፣ ቀለሙንም መበጥበጥ ይማር ነበር። ብራናውን ያላወቀ ጸሐፊ፣ ቀለሙ በየት ቦታ እንደሚፈስ፣ ገጹ በየት በኩል እንደሚሸበሸብ አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም። ፍሬምወርክን በትንሹ መሥራት የዚህ የጥንቱ ትምህርት ወገን ነው፤ ዓላማውም የተሠራው ነገር ለገበያ እንዲቀርብ አይደለም፣ ሠሪው ልቡናው እንዲበራ ነው።

ሌላውም ዓለም ቢሆን ከትንሽ መጀመርን አላፈረበትም። በ2007 እ.ኤ.አ. ብሌክ ሚዘራኒ የሠራው ሲናትራ፣ ገጽና ፈንክሽን በጥቂት መስመር የሚያያዙበትን መንገድ አሳይቶ ለብዙዎቹ ተከታዮቹ አርአያ ሆነ። በ2010 እ.ኤ.አ. ኦስትሪያዊው አርሚን ሮናከር ፍላስክን አወጣ፤ ፍላስክም ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚሠራበት ሆኖአል። ማርሴል ሄልካምፕ የሠራው ቦትል የሚባለው ደግሞ እስከ ዛሬ በአንድ ፋይል የሚወሰንና ከፓይተን ውጭ ምንም የማይፈልግ ነው። ተማሪዋ የራሷን ሥራ ከጨረሰች በኋላ ይህንኑ የቦትል ፋይል ከጓደኞቿ ጋር በፍላሽ ተቀባብለው፣ እርሷ ከጻፈችው ጋር መስመር በመስመር እያስተያዩ ያነቡት ነበር። ከዚያ በፊት እንደ ድርሳን የከበዳቸው ኮድ፣ የራሳቸውን ከሠሩ በኋላ ሲነበብ፣ «ይህ ራውቲንጉ ነው፤ ይህ ርዝመቱን የሚቈጥረው ነው» እያሉ ክፍሎቹን በስማቸው ይጠሩአቸው ጀመር።

የሌላውን ሥራ ሳይመረምሩ መደገፍ ምን እንደሚያመጣም በመጋቢት 2008 ዓ.ም. በግልጽ ታይቶአል። በጃቫስክሪፕት ኮዶች ማከማቻ ውስጥ የነበረች፣ የአንድን ቃል ግራ ጎን በባዶ ቦታ ከመሙላት በቀር ሌላ ሥራ የሌላት፣ 11 መስመር የምትሆን ኮድ ደራሲዋ ባነሣት ጊዜ፣ በእርሷ ላይ የተደገፉ በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ ፕሮግራሞች በአንድ ቀን መሠራት አቃታቸው። ያችን 11 መስመር ማንኛውም ጀማሪ በደቂቃዎች ሊጽፋት ይችል ነበር፤ ብዙዎቹ ግን በእርሷ ላይ መደገፋቸውን እንኳ አላወቁም ነበር።

እንዲህ ስል ግን በገዛ እጅ የተሠራችው ትንሽ ፍሬምወርክ ለባንክ ወይም ለሆስፒታል ሥራ ትዋል ማለቴ አይደለም። ተማሪዋን፣ «ልጄ፣ ይህ ያንቺ ሥራ ብዙ ሰው ሊሸከም ይችላል?» ብዬ ብጠይቃት፣ «አብሽሩ ጋሼ፣ እንዲሸከም አልሠራሁትም» አለችኝ። አንዱ ጠያቂ ቀስ ብሎ እየላከ መስመሩን ቢይዝ ሌሎቹ ሁሉ ተሰልፈው እንደሚጠብቁ፣ በመንገድ የሚሄደው ቃል በምሥጢር ጽሕፈት ያልተሸፈነ እንደሆነ፣ ብዙ ዓመት በብዙ ዐይን የተፈተነ ኮድ የሚሰጠው ጥበቃ እንደሌለው አንድ በአንድ ነገረችኝ። ታላላቆቹ ፍሬምወርኮች ለምን ትልልቅ እንደ ሆኑ ያወቀችውም በዚሁ ነው፤ የራሷ ሥራ የጎደለበትን ቦታ ስላየች፣ የእነርሱ ሙላት የቱ ላይ እንደሆነ ታውቃለች። አክብሮቷም ስለዚህ ከዕውቀት የመጣ ነው፣ ከመደነቅ አይደለም።

ይህ ትምህርት ለደሴና ለኮምቦልቻ በተለይ የሚገባበት ምክንያት አለ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የሰሜኑ የአገራችን ጦርነት ወደ እነዚህ ከተሞች በደረሰ ጊዜ፣ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ ተይዘው ሲቆዩ፣ የዩኒቨርሲቲው መሣሪያዎች ተዘርፈዋል፣ ተሰባብረዋልም። ከዚያ በኋላም መስመር የጠፋበት ዘመን ተከተለ። በእነዚህ ዓመታት የተማረ ወጣት፣ ከሩቅ በሚመጣ መሣሪያ ላይ ብቻ የተመሠረተ ዕውቀት መሣሪያው በተቋረጠ ጊዜ አብሮ እንደሚቋረጥ በሕይወቱ አይቶአል። መሠረቱን ያወቀ ግን፣ አንድ አሮጌ ላፕቶፕና በውስጡ የተጫነ ፓይተን ብቻ ሲቀሩት እንኳ፣ መማሩንና ማስተማሩን አያቋርጥም።

ስለዚህ በኮምቦልቻ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ በደሴም በወይዘሮ ስሕን ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ ለሚያስተምሩ መምህራን የማቀርበው ልመና አንድ ነው። ተማሪውን ወደ ላራቬል ወይም ወደ ጃንጎ ከማስገባታችሁ በፊት፣ ጥቂት ሳምንት ሰጥታችሁ የራሱን ትንሽ ፍሬምወርክ ከባዶ አሠሩት፤ ምሳሌውም በአማርኛ ይሁን፣ ርዝመቱን በባይት ይቍጠር፣ የተከፈለችውን ፊደል ራሱ ያጋጥማት። ለተማሪው ደግሞ፦ ይህን ለመጀመር ገንዘብም፣ ኢንተርኔትም፣ የማንም ፈቃድ አያስፈልግህም፤ በ127.0.0.1 አድራሻ፣ በ8000 ፖርት ላይ የሚጠብቅ ፕሮግራም ጻፍና ብራውዘርህ የሚልክልህን ቃል በዐይንህ አንብብ። ለፊደላችን የሚታመን ኮድ ሊጽፍ የሚችለው፣ ፊደሉ በማሽኑ ውስጥ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው፤ ያም ሰው ከእኛ መካከል ካልወጣ ከሌላ ከየትም አይመጣም።